ትራፊ ያልነው ወይፈን

ባለፈው ሰሞን ከሳሪስ አቦ ወደ አቃቂ በሚሄድ ታክሲ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ ሳለሁ፣ አጠገቤ የነበረ ሰውዬ እግሩ ስር ያስቀመጠው ማዳበሪያ አፉ ተፈታና የፋጉሎ ሽታ መኪናውን ሞላው። ፋጉሎ ኑግ ተጨምቆ ዘይቱ ከወጣ በኋላ የሚቀረው ጥቁር የከብት መኖ ነው፤ ውሃ ሲነካው የተቃጠለ ዘይትና የረጠበ አፈር አንድ ላይ የሚመስል ሽታ አለው። ሌሎቹ ተሳፋሪዎች አፍንጫቸውን ይዘው መስኮት ሲያስከፍቱ እኔ ክው ብዬ ቀረሁ። እጆቼ ገመድ የያዙ ይመስል ተጨበጡ፣ ረዳቱም ጠርቶኝ ጠርቶኝ ሳልሰማው ቀርቼ በመጨረሻ «እህት፣ ተኝተሻል እንዴ?» ሲለኝ ነው የነቃሁት። በልጅነቴ ከሆነችው ከአንዲት የጥር ጠዋት ወዲህ ብዙ ዓመት አልፏል፣ እኔም የልጅ እናት ሆኛለሁ፤ ሽታው ግን በመጣ ቁጥር ያንኑ ድንጋጤ እንደ አዲስ ይዞብኝ ይመጣል።

ቤታችን ከአቃቂ ከተማ ወጣ ብሎ፣ ወንዙ ሜዳው ላይ ሰፋ ብሎ በሚተኛበት አካባቢ ነበር። ከፊታችን በሩቁ የፋብሪካዎቹ ጭስ ማውጫ ይታይ ነበር፣ ከኋላችን ደግሞ እስከ ወንዙ ድረስ የሚወርድ ከአያቴ የወረስነው የግጦሽ መሬት ነበር። አባቴ በዚያ መሬት ላይ የዘር ከብትና የዘር በግ ያረባ ነበር። ወተቱም ቅቤውም ባይጠፋ፣ ሰው የሚያውቀን በኮርማችንና በአውራ በጎቻችን ነበር፤ ከገላንና ከቱሉ ዲምቱ ሳይቀር ላማቸውን ለማስጠቃት እየነዱ ይመጡ ነበር፣ በግ የሚያረቡትም ለመንጋቸው የሚሆን ጠቦት ከእኛ ይወስዱ ነበር። አባዬ ከብት ሲመርጥ መልክ አያይም ነበር። የሚያየው ሰኮናውን፣ ጥርሱን፣ ክረምት ጭቃ ውስጥ ቆሞ ሲውል ያስለው እንደሆነ፣ በጋ ሳሩ ሲደርቅ ጎኑ ይገባ እንደሆነ ነበር። «በጥቅምት ሁሉም ቤት ያማረ ከብት አለ፤ ከብት ማለት በየካቲት ያልወደቀው ነው» ይለን ነበር።

ይህን የሚለው ግን ለእኛ ለቤተሰቡ ብቻ ነበር። ሰው ፊት ሲሆን ነገሩ ሁሉ ይገለበጣል። አባዬ የሰው ዓይን እጅግ ይፈራ ነበር፤ ጥሩውን ከብት በሰው ፊት ማመስገን በሩን ከፍቶ ዓይን ማስገባት ነው ብሎ ያምን ስለነበር፣ እንግዳ ሲመጣ የሚሳሳለትን ያራክስና የማይረባውን ያሞግስ ነበር። አንድ ሰው ምርጡን አውራ በግ አይቶ ላቱን ያደነቀ እንደሆነ ፊቱን ጨፍግጎ «ላት ብቻ ነው፣ ሥራ የለውም፣ ለአረፋ ባወጣው ይሻለኝ ነበር» ይልና፣ ሰውዬውን ጥግ ወደቆመው ከሲታ በግ ወስዶ የከሲታውን ዘር ማንዘር መቁጠር ይጀምራል። ገዢው ከልቡ ሊገዛ የመጣ መሆኑን ሲያረጋግጥ ግን ጥሩውን ራሱ ጎትቶ ያወጣለት ነበር፣ ለምን እሱን እንደሰጠውም አይነግረውም ነበር። እኔና እናቴ ይህን የቤት ሕግ አድርገን ይዘነው ነበር፤ በሰው ፊት ከብቶቻችንን ማመስገን ለእኔ እንደ ስድብ ከአፌ የማይወጣ ነገር ነበር።

ትራፊም ስሙን ያገኘው በዚሁ ምክንያት ነው። አባቱ መከታ የሚባል፣ አባዬ በጥጃነቱ ከቦረና ያስመጣው፣ ትልቅ ሻኛ ያለው አመድማ ኮርማችን ነበር። ትራፊ ሲወለድ አባዬ እግሩንና ደረቱን ዳስሶ ሲያበቃ «ይሄንን ትራፊ በሉት» አለን። ያኔ እኔና እማዬ ተያየን፤ እንዲህ ያለ ክፉ ስም የሚወጣለት አባዬ በጣም ለወደደው ብቻ እንደሆነ እናውቅ ነበርና። በዚያው ሰሞን የፈረንጅ ዝርያ ካላት ላማችን ሌላ ወይፈን ተወልዶ ነበር፤ ቀዩ፣ ቆዳው ቅቤ የተቀባ የሚመስለው፣ ቁመቱ መለሎ የሆነው። እሱን አባዬ ንጉሤ ብሎ ሰየመው። ንጉሤ ክረምት በገባ ቁጥር ያስለው ነበር፣ ፋጉሎና ፉርሽካ ካላገኘም በሳምንት ውስጥ አጥንቱ ይታይ ነበር። ትራፊ አጭርና ድፍን ያለ፣ ጠጉሩ ሻካራ፣ ማንም ቆሞ የማያየው ነበር፤ ግን ደረቅ ሳር በልቶ ሆዱን ሞልቶ ይተኛ ነበር።

ጎረቤታችን ጋሽ ሸምሱ ከስልጤ መጥተው መንገዱ ዳር ሱቅ የከፈቱ፣ የአባዬ የቅርብ ወዳጅ ነበሩ። ማታ ማታ ሱቃቸውን ለልጆቻቸው ትተው በረታችን ደጃፍ ላይ ቆመው ከአባዬ ጋር ይቀልዱ ነበር። ትራፊን ባዩት ቁጥር «አንተ፣ ይሄን ፍየል ለምንድነው ከከብት ጋር የምታስረው?» ይሉታል፣ አባዬም «ምን ላድርገው፣ አልሞት ብሎኝ ነው፤ እንኳን ለዘር ለቁርጥም አይሆን» ይላቸዋል፣ ቀጥሎም ንጉሤን መታ መታ እያደረገ ሲያሞግሰው ያመሻል። እኔ ከበሩ ጀርባ ሆኜ አፌን በነጠላዬ ይዤ እስቅ ነበር። ለወዳጁም እንኳ እውነቱን ያልነገረው፣ ዓይን ወዳጅና ጠላት አይለይም፣ ሰውየውም ዓይኑ ክፉ መሆኑን ራሱ አያውቅም ብሎ ስለሚያምን ነበር።

እኔ ራሴ በዚያ ሕግ ውስጥ እንዳለሁ ግን አላውቅም ነበር። ከእኔ በፊት ሁለት ልጆች በጨቅላነታቸው ሞተውብን ነበር። አባዬ ቤት ውስጥ ብርቄ እያለ ይጠራኝ ነበር፣ ሰው ፊት ግን «ይቺ» ነበርኩ። አስተማሪዬ መንገድ ላይ አግኝቶት ደብተሬ ንጹሕ እንደሆነ ሲነግረው «ጽሕፈቱን ተወው፣ ጭንቅላቷ ውሃ ነው» አለው፤ ለጋሽ ሸምሱም «ይቺ ምንም አይገባትም፣ በጎቹ ይሻሏታል» ሲላቸው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ከብቱ ሲሰደብ የምስቅ ልጅ፣ እኔ ስሰደብ ግን አምን ነበር። ስለዚህም ሰው ሲያናግረኝ እሽኮረመማለሁ፣ ክፍል ውስጥ መልሱን እያወቅሁ እጄን አላነሳም ነበር።

በዚያ ዓመት ክረምቱ ከብዶ ወንዙ ሜዳውን አልብሶት ነበር። ጥቁሩ አፈር እስከ ጉልበት ያስገባ ነበር፣ አባዬም በጎቹን ከጉረኖ ሳያወጣ ሣር እያጨደ ያበላቸው ነበር። በነሐሴ መከታ ውሃ ሊጠጣ ወርዶ ረግረጉ ውስጥ ገባና እግሩ ተሰበረ። ሰዎች ተረዳድተው በገመድ ሲያወጡት ትዝ ይለኛል፤ ያ ሁሉ ሰውነት ጭቃ ለብሶ ዳር ላይ ሲተኛ ትንፋሹ ብቻ ይሰማ ነበር። አባዬ አጠገቡ ቁጭ ብሎ ጭቃውን ከዓይኑ በጣቱ ጠረገለትና፣ ከዚያ ተነስቶ ቢላዋ አስመጣ። ማታ እማዬን «እንግዲህ ያለኝ አንድ ነው» ሲላት ሰማሁ። አንዱ ማን እንደሆነ ስሙን አልጠራም፣ እኛም አልጠየቅንም።

መስከረም ጠብቶ ሜዳው ሲደርቅ ላም የሚነዱ ሰዎች እንደ ልማዳቸው መምጣት ጀመሩ፣ አባዬም «ወይፈኑ ይድረስ፣ ለመጪው ዓመት ኑ» እያለ ይመልሳቸው ነበር። ሰዎቹ ንጉሤን እያዩ ይሄ ነው አይደል ሲሉት ዝም ይል ነበር፣ እነሱም ዝምታውን እሺታ አድርገው ይሄዱ ነበር። በታኅሣሥ፣ ሣሩ ወርቅማ ሆኖ ጠዋት ጠዋት ውርጭ ሲይዘው፣ ከትምህርት ቤት መልስ ከብቶቹን ወንዝ ዳር የምጠብቅ እኔ ነበርኩ። አጎቴ ከአርሲ ያመጣልን፣ ግንባሯ ላይ ነጭ ያለባት ቦራ የምትባል ጊደር ነበረችን። አንድ ቀን ከሰዓት ቦራ ስትጮኽ ውላ ኮርማ መፈለጓ ያስታውቅ ነበር፣ ትራፊም ከመንጋው ወጥቶ ተከተላት። ያየሁትን አየሁ። እንዲህ ያለውን ነገር ለአባት አፍ አውጥቶ መናገር ለሴት ልጅ ነውር ስለነበር፣ ከብቶቹን ሰብስቤ ቤት ገባሁና ለማንም አልተናገርኩም።

በጥር አንድ ጠዋት፣ ፋጉሎ በባልዲ እየዘፈዘፍኩ ሳለሁ እማዬ ከቤት ውስጥ ስትጮህ ሰማሁ። እርጉዝ ነበረችና ምጧ ከተጠበቀው ቀድሞ መጥቶ ነበር። አባዬ በባዶ እግሩ ሮጦ ባጃጅ ይዞ ተመለሰ፣ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር፤ የሞቱትን ሁለቱን እያሰበ እንደነበር አሁን ይገባኛል። በር ላይ ጋሽ ሸምሱን አገኛቸው። ለዚያ ቀን በሞተር ሳይክል እየዞረ ከብት ከሚያክም ሐኪም ጋር ቀጠሮ ነበረን፤ ሁለት ኮርማ አንድ በረት አይውልምና ከወይፈኖቹ አንዱ ተኮላሽቶ ለፋሲካ ሰንጋ ሊቀለብ ነበር፣ ሌላው የመከታን ቦታ ሊይዝ። አባዬ አንድ እግሩን ባጃጁ ውስጥ አስገብቶ «ሸምሱ፣ ዶክተሩ ሲመጣ ለዘር የሚሆነውን እንዳይነካብኝ፣ ሌላውን ያኮላሸው» አለና እማዬን ደግፎ ሄደ። ስም አልጠራም። ለእሱ ከሁለቱ የትኛው ለዘር እንደሚሆን እንደ ፀሐይ ግልጽ ነበር። ለጋሽ ሸምሱም ግልጽ ነበር፤ ስንት ዘመን ከራሱ ከአባዬ አፍ ሲሰሙ ኖረዋል።

ሐኪሙ ሲመጣ ጋሽ ሸምሱ ሁለት ጎረምሶች ይዘው ገቡና ቀጥ ብለው ወደ ትራፊ ሄዱ። መጀመሪያ ሊያልፉት መስሎኝ ነበር። ገመዱን አንገቱ ላይ ሲያስገቡ ባልዲውን ለቅቄ ሮጥኩ፣ ፋጉሎውም እግሬ ላይ ፈሰሰ።

«ጋሼ፣ እሱ አይደለም» አልኩ።

«ማነው ያልሆነው?»

«ትራፊ። የሚኮላሸው ንጉሤ ነው።»

ጋሽ ሸምሱ ሳቁ። ሳቃቸው ክፋት አልነበረበትም። «ንጉሤን? ንጉሤን ካስኮላሸሁበት አባትሽ በዚያው ብረት እኔን ነው የሚጨምረኝ» አሉ፣ ጎረምሶቹም ሳቁ።

ያኔ እውነቱን ለመናገር ሕጉን መስበር ነበረብኝ። ሦስት የማላውቃቸው ሰዎች ፊት ቆሜ፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ትራፊን አመሰገንኩት። ደረቅ ሣር እንደሚበቃው፣ ክረምት አስሎት እንደማያውቅ፣ የመከታ ልጅ እንደሆነና አባዬ ለዘር የያዘው እሱን እንደሆነ ተናገርኩ። ድምፄ እንደ ክር ቀጥኖ ይወጣ ነበር፤ እያንዳንዱን ቃል ስናገር በትራፊ ላይ ዓይን የምጠራበት ይመስለኝ ነበር። ሐኪሙ ወጣት ሰው ነበር፣ እጁን ገታ አድርጎ ልጅቷ የቤቱ ልጅ ናትና ለምን አባቷን አንጠይቀውም አለ። ጋሽ ሸምሱ ደወሉ። የአባዬ ስልክ ቤታችን ውስጥ፣ ትራሱ ስር ሲጮህ ሁላችንም ሰማነው።

ጋሽ ሸምሱ ስልካቸውን ኪሳቸው ከተው ራሴን ዳሰሱኝና ወደ ሐኪሙ ዞሩ። «ዶክተር፣ ይቺ ልጅ የዋህ ናት፣ ነገር አይገባትም። ይሄን የምልህ እኔ አይደለሁም፣ አባቷ ነው የሚለው» አሉት።

የትራፊን አንገት አቀፍኩ። ከጎረምሶቹ አንዱ በቀስታ ከወገቤ ይዞ አነሳኝና ወደ ጎን አስቀመጠኝ። የሚኮላሽበት ብረት ረጅም እጀታ ያለው ትልቅ ጉጠት ይመስላል፤ ደም አያፈስም፣ ቆዳም አይቀድም። የሰማሁት ድምፅ የደረቀ ሸንበቆ ሲሰበር የሚሰማውን ይመስል ነበር። ትራፊ አንድ ጊዜ ብቻ አቃሰተ። ገመዱ ሲፈታለት ተነሳና እግሮቹን አራርቆ ቆመ፣ እኔንም አየኝ፤ ከእግሬ ሥር የፈሰሰው ፋጉሎ እስካሁን ይሸተኛል።

አባዬ የመጣው ከሰዓት በኋላ ነበር። ከሩቅ ሲራመድ ደስታው ይታይ ነበር፤ እማዬ በሰላም ወንድ ልጅ ተገላግላለች። መንገድ ላይ የተሰበሰቡት ጎረቤቶች እልል ሲሉለት እንኳ ልማዱ አልቀረም፣ ሕፃኑ እንዴት ነው ሲሉት «ምን እሱ፣ አይጥ የሚያክል ነገር ነው» እያለ፣ ግን ሳቁን መደበቅ አቅቶት ገባ። ጋሽ ሸምሱም እጃቸውን ዘርግተው እንኳን ደስ አለህ ሊሉት ከበረቱ ወጡ። አባዬ እጃቸውን ሳይጨብጥ በትከሻቸው አሻግሮ አየ። ንጉሤ ገለባውን እየበላ ነበር። ትራፊ ጥግ ላይ፣ እግሮቹን አራርቆ፣ ሳይበላ ቆሞ ነበር።

«የቱን ነው?» አለ አባዬ።

«ያልከኝን ነዋ። ትራፊን።»

አባዬ አልጮኸም። መኖ የሚጨመርበት ገንዳ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ፣ ወይም ወደቀ ማለት ይሻላል። ፊቱ ላይ የነበረው ደስታ ገና ሳይወጣ ድንጋጤው ከላዩ መጥቶበት ነበርና፣ እንደዚያ ያለ ፊት ከዚያ ወዲህ አይቼ አላውቅም። ጋሽ ሸምሱ ግራ ተጋብተው፣ አንተ አይደለህ ወይ ለቁርጥ እንኳ አይሆንም ስትለኝ የኖርከው፣ አንተ አይደለህ ወይ ንጉሤን ስታሞግስ የምታመሸው እያሉ ይጠይቁት ጀመር። አባዬ ቀና ሳይል ተናገረ።

«ሸምሱ፣ እኔ እኮ የምሳሳለትን ነው የማራክሰው።»

ጋሽ ሸምሱ ቆባቸውን አውልቀው በእጃቸው ያዙ። «ልጅቷ ነግራኝ ነበር» አሉ። «አንገቱን አቅፋ ነግራኝ ነበር። እኔ ግን ስለ እሷም የምትለኝን አምኜ…» ብለው ሳይጨርሱት ተዉት።

አባዬ ዞር ብሎ አየኝ። እኔ በሩ ላይ ድርቅ ብዬ ቆሜ ነበር። ትራፊ ላይ የደረሰው አስደንግጦኝ ውሎ ነበር፣ አሁን ግን ያስደነገጠኝ ሌላ ነገር ነበር። ውሃ ጭንቅላት፣ ምንም የማይገባት፣ በጎቹ የሚሻሏት፤ ዕድሜዬን ሙሉ የሰማኋቸው ቃላት እዚያው በቆምኩበት አንድ በአንድ እየተገለበጡ ሌላ ፊት ያሳዩኝ ጀመር። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር መሰለኝ፤ ነገር ግን መጀመሪያ የተሰማኝ ፍርሃት ነበር። የማላውቀው ሰው ቤታችን ውስጥ ሲኖር ኖሮ ድንገት ያገኘሁት መሰለኝ፤ ያም ሰው እኔው ነበርኩ።

ከአባዬ ቀድሜ እኔ ተናገርኩ፣ ነውሩንም ረሳሁት። «አባዬ፣ በታኅሣሥ ወንዝ ዳር ቦራ ከትራፊ ጋር ነበረች» አልኩት። ጋሽ ሸምሱ ቀና አሉ። አባዬ እርግጠኛ ነሽ ወይ ብሎ አልጠየቀኝም። ተነስቶ ቦራን ከታሰረችበት ፈታና ወደ ደረቁና ንፋስ ወደማይገባበት የበረቱ ጎን ወስዶ አሰራት።

በልግ ሲገባ ኑሯችን ጠበብ አለ። ንጉሤም ለዘር ስለማይሆን ተኮላሽቶ ለፋሲካ ተሸጠ፣ ላም ይዘው የሚመጡትም በረታችን ባዶ መሆኑን እየሰሙ ወደ ሌላ መንዳት ጀመሩ። የቦራ ሆድ ገና አይታይም ነበር። አንድ ነጋዴ መጥቶ ቦራን ካልገዛሁ ብሎ ሙጭጭ ሲልበት አባዬ እርጉዝ ናት አለው፤ ሰውዬው ጎኗን ዳስሶ ማን ነገረህ ሲለው «እኔ አውቃለሁ» አለው። ያወቀው ከእኔ አፍ ብቻ ነበር። አንዳንድ ሰው አባዬ ከድንጋጤው የተነሳ በሕፃን ወሬ ተስፋ ያደርጋል ይል ነበር፣ ይህንንም ስሰማ ሌሊቱን ሁሉ ዐይኔ አይከደንም ነበር። ቦራ ባታረግዝስ? አባዬ ያመነኝ እንዲህ አንድ ጊዜ ነው። ጋሽ ሸምሱ ግን አንድም ቀን ተጠራጥረው አያውቁም፤ በየሳምንቱ አንድ ማዳበሪያ ፋጉሎ በራሳቸው ጫንቃ አምጥተው በሩ ላይ አስቀምጠው፣ ስማችንን ሳይጠሩ ይመለሱ ነበር።

ክረምቱ ሲመጣ የቦራ ሆድ ወጣ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው አባዬ ጆሮውን ጎኗ ላይ አድርጎ ይቆም ነበር፣ እኔንም ጠርቶ አድምጪ ይለኝ ነበር። ከመስቀል በኋላ አንድ ጠዋት ቦራ ወለደች። አመድማ፣ ጠጉሯ ሻካራ፣ እግሯ አጭርና ድፍን ያለ ጥጃ ነበረች፣ ግንባሯ ላይ የእናቷ ነጭ አለ። ትራፊን የሚያውቅ ሁሉ የማን ልጅ እንደሆነች ለማወቅ ሁለተኛ ማየት አያስፈልገውም ነበር። ግን ሴት ነበረች። የመከታን ቦታ የሚይዝ ወንድ አልነበረም። ጋሽ ሸምሱ ወሬውን ሰምተው ሱቃቸውን ክፍት ትተው ሲሮጡ መጡና፣ ገና በሩ ላይ ሆነው ምን እንደሆነች ሲያዩ ሐዘኑ ፊታቸው ላይ ታየ።

«ምንም አይደል፣ ወንድሜ…» ብለው ሊያጽናኑት ጀመሩ።

«ሴትም ዘር ናት፣ ሸምሱ» አላቸው አባዬ። ከዚያም ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ አጥር ላይ ተደግፈው የሚያዩት ጎረቤቶች ሁሉ እየሰሙት «ቆንጆ ናት። ደረቷን እየው፣ እግሯን እየው። ያወቀቻትም ልጄ ብርቄ ናት፤ እኔ ሳላውቅ እሷ ነበረች የምታውቀው» አለ።

ደነገጥኩ። እማዬም ወንድሜን እንዳቀፈች በሩ ላይ ደንግጣ ቆማ ነበር። አባዬ ራሱ ከአፉ በወጣው ነገር ከሁላችን በላይ የደነገጠ ይመስል ነበር፤ ግራና ቀኝ አየ፣ ከዚያ በፍጥነት ጎንበስ ብሎ ጥጃዋ ላይ እትፍ እትፍ አለ፣ ቀና ብሎም እኔ ላይ ደገመው። ጋሽ ሸምሱ ከዚያ ጥር ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆዳቸው ሲስቁ ሰማኋቸው።

ያ ሜዳ ዛሬ የለም። ስምንተኛ ክፍል በጨረስኩበት ዓመት መሬቱ ለቤት መሥሪያ ተወሰደ፣ እማዬም ታመመችና ትምህርቴ እዚያ ላይ ቆመ። ትራፊን አባዬ እስከዚያ ድረስ ሳይሸጠው፣ ሳያርደውም አኑሮት ነበር፤ ከብቶቹ ሲበተኑ ግን እሱም አብሮ ሄደ፣ የቦራ ልጅ ደግሞ ወደ አርሲ አጎቴ ዘንድ ተወስዳ ብዙ ወልዳለች። ከብቶቹ ውሃ ይጠጡበት በነበረው ዳር ላይ አሁን ኮንዶሚኒየም ቆሞ ልብስ በየሰገነቱ ይሰጣል። አባዬ እዚያው አቃቂ፣ በሰቃ የሚባለው ሰፈር አጠገብ ከእኔ ጋር በምንኖርበት ጠባብ ግቢ ውስጥ ጥቂት በጎች ይዞ ይውላል፣ ጠቦት ለመምረጥ ሰው ሲመጣም እሷን ጠይቁ እያለ ወደ እኔ ይልካቸዋል። እኔ አሁንም ሰው ፊት መናገር ይከብደኛል። ያ ከአባዬ አፍ በአንድ ቀን ወጥቶ ያለቀ የማራከስ ልማድ ከእኔ ውስጥ ለመውጣት ዓመታት ፈጅቶበታል፣ ሁሉም መውጣቱንም እንጃ።

በቀደም ጎረቤታችን መጥታ አራት ዓመት የሆናት ልጄን ፊደል ስትቆጥር ሰምታ፣ ይቺ ልጅ እንዴት ያለች ጎበዝ ናት አለችኝ። ምላሴ «ምን እሷ…» ብሎ ጀምሮ ነበር። ልጄ መጽሐፏን ይዛ ቀና ብላ አየችኝ፤ ምን እንደምል እየጠበቀች ነበር። እኔም ልክ እንደዚያ ጠዋት ድምፄ ቀጥኖ፣ ግን ሳይቆረጥ «አዎ፣ ጎበዝ ናት» አልኩ። ጎረቤቴም ስቃ ሄደች፣ ልጄም ወደ ፊደሏ ተመለሰች። ከጉረኖው ጥግ ግን፣ ማንም እንዳይሰማው ቀስ ብሎ፣ አባዬ እትፍ እትፍ ሲል ሰማሁት።